ስሙ ሳይዞር ብሩ አይዙር

የአንባቢያን ጥያቄ እና የእትዬ መልስ፣ ከድሬዳዋ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ያገለገለ መኪና ስለመግዛት የሚጠይቁ ናቸው። አልገረመኝም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ከውጭ ማስገባትን እጅግ አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያሉት አሮጌ መኪኖች ዋጋቸው ሰማይ ነካ። ሰው ቁጠባውን፣ እቁቡን፣ ከዓረብ አገር የተላከለትን ሁሉ አሰባስቦ ነው የሚገዛው። አንዴ ከተሞኘ መልሶ ማግኘት ከባድ ነው። ለዚህ ነው የዛሬውን አምድ ሙሉውን ለመኪና የሰጠሁት።

ለማታውቁኝ፣ እኔ ድሬ ላይ ለብዙ ዓመት የኢንሹራንስ ጉዳት ገማች ሆኜ ሠርቻለሁ። የተገጨ መኪና ሥር ገብቼ፣ ፎቶ አንስቼ፣ ወረቀት አገላብጬ ነው እንጀራዬን የበላሁት። ያየሁትን ልንገራችሁ።

«ሰላም እትዬ። ሳቢያን ነው የምኖረው፣ ነርስ ነኝ። ወንድሜ ከሳዑዲ የላከልኝንና የራሴን ቁጠባ ይዤ አንዲት ቪትዝ ልገዛ ነው። ከዚራ ያለ ደላላ ነው ያሳየኝ። ባለቤቱ ውጭ አገር ስለሆነ ወንድሙ በውክልና ነው የሚሸጠው። ደላላው 'ስም ማዞር ወጪው ብዙ ነው፤ ለጊዜው ውክልናውን ወደ አንቺ እናዙርልሽና ንጂ' ይላል። ዛሬ 50 ሺህ ብር ቀብድ ካላስያዝኩ ከጅግጅጋ የመጣ ሰው ሊወስዳት ነው አለኝ። ምን ይሻለኛል?» — ነርሷ፣ ከሳቢያን

እህቴ፣ ቀብዱን ዛሬ አትስጪ። መጀመሪያ ወረቀቱ ይታይ።

ያ ከጅግጅጋ የመጣ ሰው ምናልባት በእርግጥ ይኖራል። ከኖረም ይውሰዳት፤ ሌላ ቪትዝ አይጠፋም። ግን ተጭበርብረው እኔ ቢሮ የመጡ ሰዎች በሙሉ ማለት ይቻላል «ሌላ ገዢ መጥቶ ነበር» ብለውኛል። የሚያጣድፍሽ ሰው እንድታነቢ ጊዜ እየሰጠሽ አይደለም።

ስለ ቀብድ ሕጉ ግልጽ ነው። ቀብድ የሰጠ ሰው ራሱ ውሉን ካፈረሰ ቀብዱ ይቀርበታል። የተቀበለው ካፈረሰ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ግን እጥፉን ማን ይመልስልሻል? ደላላው ባለቤት አይደለም። ነገ ስልኩን ቢዘጋ የትም አታገኚውም። ስለዚህ ቀብድ የግድ ከሆነ ለባለቤቱ ወይም ለሕጋዊ ወኪሉ፣ በባንክ፣ በጽሑፍና በምስክር ፊት ይሁን። ያውም የምነግርሽን ሁሉ ካጣራሽ በኋላ።

ውክልናው ላይ እንምጣ። በውክልና መሸጥ ነውር የለበትም። ባለቤቱ ውጭ አገር ከሆነ ሌላ ምን ያድርግ? ወረቀቱን ግን ራስሽ አንብቢው። ደላላው እንዲያነብልሽ አትተዪ። «ንብረቴን ያስተዳድርልኝ» የሚል ውክልና መኪና አያሸጥም። እንዲሸጥ፣ ስም እንዲያዛውር፣ ገንዘብ እንዲቀበል የሚል ቃል በግልጽ መኖር አለበት። ወንድሙ «ወደ አንቺ አዞራለሁ» ካለ ደግሞ ሌላ ሰው የመወከል ሥልጣን ተሰጥቶታል ወይ? ያም መጻፍ አለበት። ውክልናው ውጭ አገር የተሰጠ ከሆነ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ አልፎ፣ እዚህ አገር በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ የመጣ መሆኑን እዪ።

ሁሉም ተሟልቶ እንኳ አንድ ጥያቄ ይቀራል። ውክልናው ዛሬም ይሠራል ወይ? ሰጪው በፈለገው ሰዓት ሊሽረው ይችላል። ሰጪው ከሞተ ደግሞ ውክልናው ያኔውኑ ያበቃል። አንድ ባለሱቅ አውቃለሁ። ሚኒባስ በውክልና ገዝቶ ለዓመታት ነዳት፣ ልጆቹን አስተማረባት። ባለቤቱ ውጭ አገር ማረፉን የሰማው ወራሾቹ በፍርድ ቤት አሳግደው መኪናዋን መንገድ ላይ ሲያስቆሟት ነው። ሰውየው እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ከፍሏል። ሊብሬው፣ ማለትም የመኪናዋ የባለቤትነት ደብተር ላይ ግን ስሙ የለም። ሲያለቅስ አይቼዋለሁና ይህን ነገር ቀለል አድርጌ ልነግርሽ አልችልም።

ስለዚህ ወኪሉን ይዘሽ ውልና ማስረጃ ሂጂ። ድሬ ላይ አለ፣ ሩቅ አይደለም። ውክልናው እንዳልተሻረ እዚያ ይጣራ። ባለቤቱንም በቪዲዮ ደውለሽ አነጋግሪው። ፊቱንና መታወቂያውን ያሳይሽ፣ ዋጋውንም በአፉ ይንገርሽ። ስልኩን የሰጠሽ ደላላው ብቻ ከሆነ ደግሞ በሌላ በኩል አጣሪ። ድሬ ከተማ ናት እንጂ ሰው አይጠፋባትም። የባለቤቱ ቤተሰብ የት እንደሆነ ሰፈሩን ብትጠይቂ እስከ ማታ ይነግሩሻል።

ብዙ ሰው የሚረሳው ሌላ ነገር ትዳር ነው። ድሬዳዋ የምትዳኘው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ነው። በዚያ ሕግ ከ500 ብር በላይ የሚያወጣ የጋራ ንብረትን ባል ወይም ሚስት ብቻውን ሊሸጥ አይችልም። መኪና ደግሞ ከ500 ብር በላይ መሆኑን ማንም ያውቃል። ስለዚህ ባለቤቱ ያገባ ከሆነ ውክልናው የሁለቱም ፊርማ ይኑረው። ካላገባም ማስረጃ ይምጣ። «ሚስቱ አታውቅም፣ ችግር የለውም» ካሉሽ ችግሩ እሱ ነው።

ሊብሬውን በፎቶ ሳይሆን በእጅሽ ይዘሽ እዪው። ከዚያ ኮፈኑን አስከፍቺና መኪናዋ ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር ፊደል በፊደል አመሳክሪ። የሞተሩንም እንዲሁ። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ መኪኖች 17 ፊደልና ቁጥር ያለው ረጅሙ መለያ የላቸውም። አጠር ያለ፣ በሰረዝ የተከፈለ ነው። ያ ብቻውን አያስደንግጥሽ። ቁጥሩ ዙሪያ የተሞረደ፣ የተበየደ ወይም ለብቻው ቀለም የተቀባ ከሆነ ግን ሌላ አትጠይቂ፤ ጥለሽ ሂጂ።

ቀጥሎ የመኪናዋ ፋይል ያለበት ትራንስፖርት ቢሮ ነው። የተመዘገበችው ድሬ ከሆነ ፋይሏ እዚሁ ነው። አዲስ አበባ ወይም ኦሮሚያ ከሆነ የሚጣራው እዚያ ነው፣ መንገዱ ቢረዝምም። የባንክ ብድር፣ የፍርድ ቤት እገዳ፣ ያልተከፈለ ቅጣት፣ ያልተከፈለ ቀረጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ከዚያ ፋይል ነው። ከዕዳና ከዕገዳ ነፃ መሆኗን በወረቀት ተቀበዪ። «ንጹህ ናት፣ ወላሂ» ማስረጃ አይሆንም።

ውሉ ላይ የሚጻፈው ዋጋ እውነተኛው ይሁን። ታክስ ለመቀነስ ብለው ግማሹን እንጻፍ ይሉሻል። ነገ ውሉ ቢፈርስ በቀላሉ ልትጠይቂ የምትችዪው የተጻፈውን ነው። ቀሪውን እንደከፈልሽ ማን ይመሰክርልሻል?

ብሩን በጥሬው ይዘሽ አትንቀሳቀሺ። በሻጩ ስም ሲፒኦ (ባንኩ ራሱ የሚያወጣው የክፍያ ማዘዣ) አሠሪና ውሉ ውልና ማስረጃ ሲፈረም እዚያው ስጪ። የተወሰነው ክፍያ ሊብሬው በስምሽ እስኪወጣ እንዲቆይ ውሉ ላይ አስጽፊ። ጨዋ ሻጭ በዚህ አይቀየምም። መኪናዋን ልታዪም ሆነ ልትፈርሚ ስትሄጂ ብቻሽን አትሁኚ፣ አታምሺ። ለሙከራ ከመንዳትሽ በፊት የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱና ቦሎው (የዓመታዊ ምርመራው ምልክት) ጊዜው እንዳላለፈ እዪ። መሪውን ይዘሽ ሰው ብትገጪ ጣጣው ካንቺ ጋር ነው።

ስም የማዞሪያው ወጪ እንደሚከብድ አውቃለሁ። የነርስ ደመወዝም ስንት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ወጪውን የመኪናዋ ዋጋ አካል አድርገሽ ቁጠሪው። ካልበቃሽ ረከስ ያለች መኪና ፈልጊ። በሰው ስም የምትነዳ ቆንጆ ቪትዝ አትግዢ። መኪናዋ ብትበላሽ ጋራዥ አለ። ስሙ ከተበላሸ ግን የሚጠብቅሽ ፍርድ ቤት ነው።

«ጤና ይስጥልኝ። ሐረር ነው የምኖረው፣ ጡረተኛ ነኝ። ፔጆ 404 መኪናዬን ለአንድ ወጣት ሸጥኩና ስም ሳናዞር ውክልና ሰጥቼው ሄደ። አሁን ለሌላ ሰው አሳልፏታል ይሉኛል። ማን እንደሚነዳት አላውቅም። እኔን የሚነካኝ ነገር አለ?» — ከሐረር

አባቴ፣ አለ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ይጠየቃል። ሲነዳ የነበረው ሌላ ሰው ቢሆንም፣ ያለ ፈቃድ ቢሆንም እንኳ። ባለቤቱ ማን ነው ሲባል ደግሞ ፖሊስም ፍርድ ቤትም መጀመሪያ የሚያየው ሊብሬውን ነው። መሸጥዎን ቢያስረዱም በስተርጅና የፍርድ ቤት ደጃፍ መመላለሱ አይቀርልዎትም።

አሁኑኑ ልጁን በሽማግሌ ያስጠሩት። ማን ጋ እንዳደረሳት ይንገርዎትና ስሙ ይዙር። ካንገራገረ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡት፣ የሽያጩን ወረቀት ይዘውም ጠበቃ ያማክሩ። ውክልናውን ተናደው ዝም ብለው አይሻሩት። ብሩን ተቀብለዋልና ገዢው መልሶ ሊከስዎት ይችላል። ፔጆዋን እንደሚወዷት ከደብዳቤዎ ገብቶኛል። እነዚያ መኪኖች ሐረርን ለስንት ዘመን እንዳገለገሉ የማያውቅ የለም። ግን ከእጅዎ ወጥታለችና ከስምዎም ትውጣ።

«እትዬ፣ አዲስ ከተማ ነኝ። ለሥራ የምትሆን ኮሮላ አግኝቻለሁ። ሜካኒክ ጓደኛዬ ሞተሯን አይቶ 'ሰላም ናት' ብሎኛል። ቀለሟም ያብለጨልጫል። ግን ተገጭታ የተሠራች ብትሆንስ ብዬ ፈራሁ። በዓይን ይለያል?»

ይለያል። መፍራትህም ጥሩ ነው። ጓደኛህ ያየው ሞተሩን ነው። ሞተር ይታደሳል፣ ይቀየራል። አካሏ ከተጣመመ ግን እንደ ድሮዋ የሚመልሳት ጋራዥ ብዙ አላየሁም።

በቀለሙ እንጀምር። የድሬ ፀሐይ ቀለም ይበላል። መጀመሪያ ጣሪያውና ኮፈኑ ይደበዝዛሉ፣ ጎኑ ግን ይቆያል። እዚህ ከተማ ለዓመታት የቆመች ኮሮላ ከላይ እስከ ታች አዲስ መስላ ከመጣች ለምን እንደተቀባች ጠይቅ። ለውበት የተቀባች ልትሆን ትችላለች። ስቱኮ፣ ማለትም የተጎዳ ላሜራ የሚሞላበትን ልስን፣ ለመሸፈንም ሊሆን ይችላል።

ጠዋት፣ ፀሐይ ገና አግድም ስትወጣ ሂድ። መኪናዋ የታጠበችና የደረቀች ትሁን። ከኋላ በኩል በርከክ በልና ጎኗን በረጅሙ እይ። ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ካልሄደ፣ ከተሰበረ ወይም ከተወላገደ እዚያ ቦታ ላይ እጅ ገብቷል። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለህ ያዝ። ላሜራ ላይ ይጣበቃል፣ ወፍራም ስቱኮ ላይ ይወድቃል። በስፖርቴሎው (በበሩ) እና በፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ባለው የጎን ላሜራ) መካከል ያለው ክፍተት በሁለቱም ጎን እኩል ይሁን። የበሩን ጎማ ገልጠህ ከሥሩ የቀለም ብናኝ ፈልግ። ፋብሪካ ጎማ ላይ ቀለም አይረጭም።

ኮፈኑን ክፈትና የማጠፊያውን ቦሎኖች እይ። ቀለማቸው በመፍቻ ከተላጠ ኮፈኑ ወርዶ ያውቃል። ራዲያተሩን የያዘው ብረት ከፊት የመጣ ግጭት መጀመሪያ የሚያገኘው ነው። የብየዳ ጠባሳ ካለው አልፈህ ውስጡን እይ። ከኋላም እንዲሁ። ፖርቶባጋልዮውን (የኋላውን የዕቃ ማስቀመጫ) ክፈት፣ ምንጣፉን አንሳ፣ ትርፍ ጎማውን አውጣ። ወለሉ ከተሸበሸበ ወይም አዲስ ጥቁር ቀለም ከተቀባ ከኋላ ተመታለች። መስታወቶቹ ላይ ያለውን የፋብሪካ ምልክት አወዳድር። አንዱ ብቻ ከተለየ የዚያን በር ታሪክ ጠይቅ። የፊት መብራቶቹም አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ጥርት ያለ ከሆኑ እንደዚያው።

አሁን ከሁሉም በላይ ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ኤርባግ። በግጭት የፈነዳ ኤርባግ መተካት ውድ ነው። ስለዚህ አንዳንዱ ጠጋኝ መሪው ላይ ክዳኑን ብቻ ይለጥፍና ውስጡን ባዶ ይተወዋል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የማስጠንቀቂያ መብራት እንዳታጋልጠው አምፖሏን ይነቅላል፣ ወይም ገመዷን ከሌላ መብራት ጋር ያገናኛል። በአንድ ወቅት ወደ ደንገጎ ዳገት በሚወስደው መንገድ የተጋጨች መኪና ልገምት ተጠራሁ። ሹፌሩ ደረቱን ክፉኛ ተመትቶ ሆስፒታል ተኝቷል። የመሪውን ክዳን ስከፍት የተጠቀጠቀ ጨርቅ አገኘሁ። ሰውየው መኪናዋን ሲገዛ ኤርባግ አላት ተብሎ ነበር የከፈለው። ያን ቀን የተሰማኝ ንዴት እስካሁን አለቀቀኝም።

ስለዚህ ቁልፉን አዙርና ሞተር ሳታስነሳ ቁም። የኤርባጓ መብራት መብራት አለባት፣ ጥቂት ሰከንድ ቆይታ ለብቻዋ ትጠፋለች። ጭራሽ ካልበራች፣ ወይም ሞተሩ ሲነሳ ከዘይትና ከባትሪ መብራት ጋር እኩል ከጠፋች፣ ኮምፒውተር ባለው ጋራዥ ሳታስመረምር አትግዛ። ቀበቶዎቹንም እስከ መጨረሻው ሳባቸው። ጨርቁ የተላገ ወይም የቀለጠ ከመሰለ፣ ወይም መልሶ ካልተጠቀለለ፣ ከባድ ግጭት ተሸክሞ ሊሆን ይችላል።

መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ መኪናም ገበያው ላይ አለ። ዝናብ መጥረጊያውን አስነሳና ሹፌሩ ፊት ለፊት ያለውን ጥግ በደንብ ይጠርግ እንደሆን እይ። ማታ ግድግዳ ፊት አቁመህ መብራቱን አብራ። በግራ በኩል ከፍ የሚል ብርሃን ካለው መብራቱ በግራ ለሚነዳ አገር የተሠራ ነው፤ እዚህ የሚመጣውን ሹፌር ያሳውራል። መሪው በጨዋ እጅ ከዞረ ብዙ ዓመት ይነዳል። ግን ማን እንዳዞረው የሚነግርህ ከሌለ የዋጋው ቅናሽ አያታልልህ።

ጎርፍም አትርሳ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ስንት ሰው እንደወሰደብን ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ ወዲህም ክረምት በመጣ ቁጥር አሸዋው ላይ የቆመ መኪና ውሃ ይይዘዋል። ውሃ የገባባት መኪና ታጥባ፣ ሽቶ ተነፍቶባት ትሸጣለች። የወንበሩን ሐዲድ ቦሎኖች በባትሪ እያበራህ እይ። ዝገትና ደቃቅ አሸዋ ካለ፣ የፊት መብራቱ ውስጥ የውሃ መስመር ካለ፣ ምንጣፉ ሥር ጭቃ ከሸተተህ ተዋት። ዛሬ ብትነሳም ነገ ኤሌክትሪኳ ያስለቅስሃል።

ኪሎ ሜትሩንም በቁጥሩ ብቻ አትመን። ማዞር ቀላል ነው። የፍሬን ፔዳሉ ጎማ፣ የመሪው ቆዳ፣ የሹፌሩ ወንበር ጠርዝ ስንት እንደተነዳች ይነግሩሃል።

«ሻጩ ከዚራን ዙሪያዋን አስነዳኝ፣ አሪፍ ናት። ይበቃል?»

አይበቃም አቦ። ከዚራ ሜዳ ነው፣ በዛፍ ጥላ የተሸፈነ ነው። እዚያ የማይሄድ መኪና የለም። ደንገጎ አስወጣት።

ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደንገጎ አናት ስትደርስ ወደ 2,000 ሜትር ተጠግተሃል። ያን ሁሉ ከፍታ በአጭር ርቀት ነው የምትወጣው፣ ያውም በመታጠፊያ። ቀትር ላይ፣ ኤሲ ከፍተህ፣ ሰው ጭነህ ውጣ። የሙቀት መለኪያዋን ከዓይንህ አታርቅ። መሃል ላይ ቆማ የነበረችው መርፌ ወደ ቀይ ካዘነበለች፣ ራዲያተሯ ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮኗ (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ታሟል። ሻጩ «ኤሲውን ዝጋው» ካለህ ምክንያቱን ጠይቀው። ድሬ ላይ ኤሲ ቅንጦት አይደለም። ሲወርዱ ደግሞ በማርሽ እያገዝክ ፍሬኗን ፈትን። ፔዳሉ ከተንቀጠቀጠ ወይም ወደ ታች እየሰመጠ ከሄደ፣ ወይም መሪው ወደ አንድ ጎን ከጎተተ፣ ለጥገና የሚወጣውን ከዋጋው ላይ አስቀንስ።

ከመውጣትህ በፊት ግን ጠዋት ሳትነሳ ድረስባት። እጅህን ኮፈኑ ላይ አድርግ። ትኩስ ከሆነ አስቀድመው አሙቀዋታል፣ ሌላ ቀን ተመለስ። በቀዝቃዛው ስትነሳ የጭሱን ቀለም እይ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ትበላለች። ነጭ ሆኖ ከሞቀች በኋላም ካልቆመ ውሃ ወደ ሞተር እየገባ ነው። የዘይት ክዳኑን ክፈት፣ ከሥሩ ወተት የመሰለ ነገር ካለ ያው ችግር ነው።

የራዲያተሩን ክዳንም እንደቀዘቀዘ ክፈት። በፍጹም በሙቀቱ አትንካው፣ ፊት ያቃጥላል። ውስጡ ነጭ ቅርፊት ከያዘ የቧንቧ ውሃ ሲሞሉባት ኖረዋል። የድሬ ውሃ ኖራ ይበዛዋል፤ የቤታችሁን የሻይ ጀበና ውስጡን እዩት። ያ ቅርፊት የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናል። እዚህ ከተማ ባየኋቸው የተቃጠሉ ሞተሮች ላይ ይህን ነጭ ቅርፊት ደጋግሜ አግኝቼዋለሁ። የምትገዛትን መኪና በኩላንት፣ ለራዲያተር በተሠራው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ሙላት።

ጎማዎቹ ላይ አራት አኃዝ ተጽፎ ታገኛለህ። 2319 ካለ በ2019፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም በዚህ ሙቀት የቆየ ጎማ ጎኑ ይሰነጠቃል። እሱን ይዘህ ድሬ ደወሌ መንገድ ላይ አትፍጠን።

«ብርቱካናማ ታርጋ ያላት ፒክአፕ ርካሽ አገኘሁ። ልግዛ?»

የእርዳታ ወይም መሰል ድርጅት መኪና ናት ማለት ነው። ብዙዎቹ ከቀረጥ ነፃ የገቡ ናቸው። ቀረጡ ሳይከፈል ወደ ግል ስም አትዞርም። የሚሸጥልህ ድርጅቱ ራሱ መሆኑን፣ ቀረጡን ማን እንደሚከፍልና ስንት እንደሆነ ከጉምሩክ በወረቀት ሳታይ አንዲት ብር አታውጣ። ያንን ስትደምረው ርካሽ የመሰለችህ መኪና ላትረክስ ትችላለች።

«ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪናስ? ከነዳጅ ሰልፍ ይገላግለኝ ነበር።»

ወረቀቱ ላይ የተናገርኩት ሁሉ ለእሱም ይሠራል። የሚጨመረው ባትሪው ነው። ሙቀት ባትሪ ያስረጃል፣ ድሬ ደግሞ ሙቀቷ ይታወቃል። ስለዚህ ፀሐይ ላይ ስትውል የኖረች መኪናና ጋራዥ ውስጥ ያደረች መኪና እኩል አይደሉም። የባትሪውን ጤና በመመርመሪያ የሚያነብ ባለሙያ አስፈልግ። ካልሆነ ሙሉ አስሞልተህ ሐረር ደርሰህ ተመለስ። ስትወጣ ብዙ ትበላለች፣ ስትወርድ ትንሽ ትመልሳለች። ቤት ስትገባ የቀረውን ፐርሰንት ሻጩ ከነገረህ ጋር አስተያየው። ከቻይና በቀጥታ የገቡት መኪኖች፣ አይዲ 6ን የመሳሰሉት፣ ስክሪናቸው በቻይንኛ ሊሆን ይችላል። ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ማንበብ መቻልህን አረጋግጥ። ቻርጀሩንና ገመዱን መረከብህንም ውሉ ላይ አስጽፍ፤ ለየብቻ ሲገዙ ዋጋቸው ይሰማል።